“ወዲያውኑ ጉዳት አያስከትልም” ለሚል መግለጫ መልስ የሆነች ሣጥን፦ ቢጋይጊ ናኖ እና የሴፍካስት ካርታ በሐዋሳ

በጃፓን የተማረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ቢጋይጊ ናኖ የተባለ የጨረራ መለኪያ ይዞ መጣና ለሦስት ሳምንት አዋሰኝ። ፊዚክስ ሳስተምር የቆየሁት ጋይገር ቆጣሪን በመጽሐፍ ላይ ባለ ሥዕል ብቻ እያሳየሁ ስለነበር፣ መሣሪያውን ስቀበል የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ያም ሆኖ ይህን ግምገማ የምጽፈው በደስታዬ ስሜት ሳይሆን፣ መሣሪያውንና ውጤቱ የሚሰፍርበትን፣ ሴፍካስት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ካርታ እንደ አንድ አገልግሎት ተጠቅሜ ካየሁ በኋላ ነው። ነጥብ ስጥ ብባል መሣሪያውን ከአምስት አራት፣ ካርታውን ለጃፓን ነዋሪ አምስት፣ ለሐዋሳ ነዋሪ ግን ሁለት እሰጠዋለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት ዕቃው ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከደረሰው ከባድ ርዕደ መሬትና ሱናሚ በኋላ፣ የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ማመንጫ የማቀዝቀዣ ኃይሉን አጥቶ በሦስት ማብለያዎቹ (ሪአክተሮቹ) ውስጥ ነዳጁ ቀለጠ። በቀጣዮቹ ቀናት የሃይድሮጅን ፍንዳታዎች የማብለያዎቹን ሕንፃዎች አፈራረሱ፤ የመልቀቂያው ክልል ከ3 ኪሎ ሜትር ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሰፋ። በወቅቱ የካቢኔው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዩኪዮ ኤዳኖ በቴሌቪዥን እየቀረቡ ደጋግመው ያሰሙት ሐረግ፣ የተለካው መጠን “ወዲያውኑ” በጤና ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር አይደለም የሚል ነበር። ሐረጉን ሐሰት ነው ማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን ልጇን ይዛ ከቤት ትውጣ ወይስ ትቀመጥ ለምታመነታ እናት የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። እርሷ የምትጠይቀው በእኔ ሰፈር፣ በእኔ በር ላይ፣ ዛሬ ስንት ነው ብላ ነበርና።

ይባስ ብሎ መንግሥት ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዳ ነገር በእጁ ነበረው። ስፒዲ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጨረራ አዘሉ አየር ወደየት እንደሚነፍስ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሲያሰላ ቢቆይም፣ ውጤቱ ለሕዝብ መታየት የጀመረው መጋቢት 14 ቀን ነው። በዚያ መካከል ከናሚዬ ከተማ ሸሽተው ቱሺማ ወደተባለው ተራራማ አካባቢ የተጠጉ ሰዎች፣ ከአደጋ ራቅን ብለው ያረፉት ነፋሱ ጨረራውን በወሰደበት አቅጣጫ ላይ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው የኢታቴ መንደርም ከመልቀቂያው ክብ ውጭ በመሆኗ ደኅና ናት ተብላ ቆይታ፣ የመልቀቅ ውሳኔ የተላለፈላት ሚያዝያ 14 ቀን ነው። በካርታ ላይ በኮምፓስ የተሰመረ ክብ ንፋስና ዝናብ አያውቀውም።

የሴፍካስት በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን የጀመሩት ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ሾን ቦነር፣ ፒተር ፍራንከን እና ጆይ ኢቶ የተባሉት መሥራቾች፣ በተለያየ አገር ሆነው በኢንተርኔት እየተጻጻፉ፣ መጀመሪያ ያሰቡት የተበታተነውን የጨረራ ልኬት ወደ አንድ ካርታ ማሰባሰብ ነበር። መንግሥትና ክፍላተ ሀገራቱ የሚያወጧቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ ኮምፒውተር በቀላሉ በማያነባቸው ሰነዶች ውስጥ የተቀመጡ ነበሩ። (ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መልቀቅ “መረጃ መስጠት” ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።) የሚሰበሰበው ቁጥር ራሱ ጥቂት መሆኑን ሲያዩ ራሳቸው ለመለካት ወሰኑ፤ ሆኖም ጋይገር ቆጣሪ በዓለም ገበያ ላይ ተሟጦ ነበር። ያገኙትን ጥቂት መሣሪያ ለአንድ አንድ ሰው ከማደል ይልቅ በመኪና ላይ አስረው መንገዱን ሁሉ ማካለል የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚህ እጥረት ነው። መለኪያውን፣ ቦታ ጠቋሚውንና መመዝገቢያውን አንድ ላይ የያዘችው የመጀመሪያዋ ሣጥን ጃፓኖች ቤንቶ የሚሉትን የምሳ ዕቃ ስለመሰለች፣ ቤንቶንና ጋይገርን አዳቅለው ቢጋይጊ አሏት።

በእጄ የገባችው ናኖ የዚያች ሣጥን አነስ ያለች ልጅ ናት። ተበታትና በኪት መልክ ትሸጣለች፤ ገዥው ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየበየደ ራሱ ይገጥማታል። ተማሪዬ የገጠማት ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር ተሰብስቦ መሆኑንና ግማሽ ቀን ያህል እንደወሰደበት ነግሮኛል። ውኃ በማያስገባ ጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ተቀምጣ፣ በየ5 ሰከንዱ የተቆጠረውን ጨረራ፣ ቦታውንና ሰዓቱን በሚሞሪ ካርድ ላይ ትጽፋለች። ልቧ ኤልኤንዲ 7317 የተባለ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ የሆነ የጋይገር ቱቦ ሲሆን፣ በስልክ ላይ ከሚሰኩ ርካሽ መለኪያዎች በስሜት ንቃቱ በእጅጉ ይበልጣል። ባትሪው አንዴ ከሞላ ቀን ሙሉ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ማምሸት ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሐዋሳ የለካሁት ባጃጅ ተኮናትሬ፣ ሣጥኗን በጎን ብረቱ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስሬ ነው። ከፒያሳ ተነሥቼ በገብርኤል አደባባይ በኩል ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ወደ አሞራ ገደል፣ በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ሄድኩ። ባጃጇ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ በየ42 ሜትሩ ገደማ አንድ ነጥብ ይመዘገባል ማለት ነው፤ የትኛውም ቋሚ ጣቢያ በከተማ ውስጥ እንዲህ የተቀራረበ ሥዕል አይሰጥም። የባጃጁ ሾፌር በመጀመሪያው ቀን ሣጥኗን በጎሪጥ እያየ ሲነዳ፣ በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን ከእኔ ቀድሞ ማንበብ ጀምሮ ነበር።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልቆይ፤ መሣሪያውን የሚገዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛልና። መሣሪያው የሚያየው በደቂቃ የተቆጠረ ምት፣ ማለትም ጨረራ ቱቦውን የመታበትን ብዛት ነው። ምቱ ጨረራ በሰው አካል ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ወደሚለካበት አሃድ፣ ወደ ማይክሮ ሲቨርት በሰዓት፣ የሚለወጠው 334 ምት በደቂቃ ለ1 ማይክሮ ሲቨርት በሰዓት ተቆጥሮ ነው። ይህ ማባዣ የተሰላው ለሲዝየም 137 ነው፤ ፉኩሺማ ላይ ትክክለኛ ምርጫ የሆነውም መሬት ላይ ከቀሩት ዋነኞቹ አንዱ፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነው ይኸው ንጥረ ነገር ስለሆነ ነው። ሐዋሳ ላይ የሚቆጠረው ግን ከዓለቱ ውስጥ ካሉት ፖታስየም፣ ቶሪየምና ዩራኒየም፣ እንዲሁም ከጠፈር የሚመጣው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከጠፈር የሚደርሳት ድርሻ በባሕር ዳር ካለ ከተማ ይበልጣል። ስለዚህ በሐዋሳና በቶኪዮ የተነበበ አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። በተጨማሪም ምቱ በዕድል የሚመጣ ነው፤ አማካዩ 40 በሆነ ቦታ ላይ ከ34 እስከ 46 መዋዠቁ የተለመደ ነው። ተማሪዎቼ ቁጥሩ ከፍ ባለ ጊዜ ሲደነግጡ፣ ዝቅ ባለ ጊዜ ሲስቁ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ትርጉም አልነበረውም። መሣሪያው ይህን በማያው ላይ በግልጽ ቢያስጠነቅቅ መልካም ነበር፤ አያስጠነቅቅም፣ ለዚህም አንድ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

ሁለተኛው ችግር እኔው ራሴ ያጠፋሁት ነው። አሞራ ገደል ላይ አሳ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ሣጥኗን አይተው ምንነቷን ከጠየቁኝ በኋላ፣ “መምህር፣ ካመጣሃት አይቀር እስቲ ይቺን ቆሮሶ ለካልኝ፤ ሐይቁ ውስጥ ስለሚገባው ነገር የማይወራ የለም” አሉኝ። ሣጥኗን ከአሳው አጠገብ አድርጌ ጥቂት ጠብቄ፣ “ጋሼ፣ ምንም የለውም” አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ አጠገባቸው ላሉት ገዢዎችም ወዲያው አስተላለፉት። እቤት ስገባ ግን ያልኩት ነገር ከነከነኝ። ቢጋይጊ የምግብ መለኪያ አይደለችም። ጃፓን ከ2004 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ለአጠቃላይ ምግብ የፈቀደችው የሲዝየም ጣሪያ በኪሎ ግራም 100 ቤክረል (በሰከንድ 100 የአቶም መፈራረስ) ሲሆን፣ ይህን ያህል ያለው አሳ ከሣጥኗ አጠገብ ቢቀመጥ ምልክቱ በአካባቢው ተፈጥሯዊ ምት ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ምግብ የሚለካው ናሙናው ተፈጭቶ፣ በእርሳስ በተከለለ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጦ ነው፤ በጃፓንም የእናቶችና የነዋሪዎች ማኅበራት ለዚሁ ብለው የራሳቸውን ቤተ ሙከራ እስከ መክፈት ደርሰዋል። ከዚህም ሌላ ጋሼ የጠየቁኝ ስለ ጨረራ አልነበረም፤ ስለ ፍሳሽ ነበር፤ ፍሳሽን ደግሞ ይህች ሣጥን አታውቀውም። እኔ ግን ያልለካሁትን ነገር የለም አልኩ። በኤዳኖ ሐረግ ስንት ዓመት ስተች የኖርኩት ሰው፣ ሣጥን ይዤ በቆምኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከእርሳቸው የባሰ መግለጫ ሰጠሁ፤ እርሳቸው ቢያንስ የተለካ ቁጥር ነበራቸው።

በማግስቱ ተመልሼ፣ አሳውን በእውነት እንዳልለካሁትና ሣጥኗም ልትለካው እንደማትችል ነገርኳቸው። “ታዲያ ትናንት እንዲህ ማለት ምን ቸገረህ?” አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

የሴፍካስትን አሠራር በተሻለ ዓይን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ካርታው ስለየትኛውም ቦታ ደኅና ነው ወይም አደገኛ ነው አይልም። ቀለምና ቁጥር፣ ቦታና ቀን ያሳያል፤ ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ድክመት ታይቶኝ ነበር፤ አገልግሎት ፈልጎ የመጣ ሰው መልስ ይፈልጋል እንጂ ሌላ የቤት ሥራ አይፈልግም ብዬ። በፉኩሺማ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ የሆነውን ካስታወስኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ሚያዝያ 11 ቀን 2003 ዓ.ም. መንግሥት ለትምህርት ቤት ግቢዎች በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርትን (አንዱ ሚሊ 1,000 ማይክሮ ነው) እንደ መነሻ ወስዶ፣ በሰዓት 3.8 ማይክሮ ሲቨርት የሚል ገደብ አወጣ። 3.8 የመጣው ሕፃኑ በቀን 8 ሰዓት ውጭ፣ 16 ሰዓት ደግሞ ከውጭው ጨረራ 40 በመቶውን ብቻ በሚያስገባ የእንጨት ቤት ውስጥ ይውላል ከሚል ግምት ነው። ለተራው ሕዝብ በተለመደው ጊዜ የሚሠራበት ጣሪያ ግን 1 ሚሊ ሲቨርት ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ቶሺሶ ኮሳኮ የ20 ሚሊ ሲቨርቱን መነሻ ተቃውመው በዚያው ወር በእንባ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከወላጆች ቁጣ በኋላም ሚኒስቴሩ በግንቦት ወር ግቡ 1 ሚሊ ሲቨርት እንደሆነ አስታወቀ። ቁጥሩ ሳይለወጥ “ደኅና” የሚለው ቃል ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ቁጥሩን የሚይዝና ቃሉን የማይነካ አንድ አካል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለመንግሥቱ ወገን አንድ ነገር መባል አለበት። በጎ ፈቃደኞቹ የለኩትና መንግሥት በየጣቢያው የለካው፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ሲነጻጸር በአብዛኛው ይቀራረብ ነበር። ችግሩ ያለው በመዘግየቱ፣ በአማካይ በመነገሩና በቃሉ ምርጫ ላይ ነበር። የማመንጫው ባለቤት ቴፕኮ “መቅለጥ” የሚለውን ቃል ለሁለት ወር ያህል ሲሸሽ ቆይቶ፣ ይህን ማድረጉ ስሕተት መሆኑን በይፋ አምኖ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቢጋይጊ የተለየ ቁጥር አላመጣችም፤ ያመጣችው እያንዳንዱ ሰው የራሱን መንገድ ቁጥር እንዲያገኝ ነው። ያም የሚያስፈራ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ሰፈሩ ከፈራው በታች መሆኑን ያየበት ካርታም ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን ፊሊፒንስ ውስጥ የቢቢሲን ስም የያዘ የሐሰት የስልክ መልእክት አንገታችሁን አዮዲን ቀቡ እያለ ሲዞር፣ ቻይና ውስጥ ሰዉ ጨው ለመግዛት ሲጋፋ ነበርና፣ ባዶ ቦታን የሚሞላው ወሬ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እኛም በኮሮና ሰሞን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ዋጋ አይተነዋል።

የካርታው አገልግሎት ሌላው ጥንካሬ ማጣራቱ ነው። ከሚሞሪ ካርዱ የተገለበጠው ፋይል ወደ ድረ ገጹ ሲጫን ወዲያው ካርታው ላይ አይወጣም፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ አይቶ እስኪያጸድቀው ይጠብቃል። ከጫንኳቸው ፋይሎች በአንዱ ላይ፣ ፊቱ በግራናይት በተሸፈነ አንድ ሕንፃ አጠገብ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሣጥኗ በዚያች ሰዓት ተዘግታ ነበር ወይስ ተከፍታ የሚል ጥያቄ ደረሰኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሲዘጋ ሣጥኑ ደካማዎቹን የአልፋና የቤታ ጨረሮች ስለሚያስቀር፣ ተከፍቶ የተለካውን ከተዘጋው ጋር ማዳበል ካርታውን ያበላሻል። ተመልሼ ለካሁ፤ ዝግ ነበረች፤ ግራናይት ደግሞ በተፈጥሮው ከሌሎች ድንጋዮች ከፍ ያለ ዩራኒየምና ቶሪየም ስለሚይዝ የሚጠበቅ ነው። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ ተቀምጦ፣ ስለ ሐዋሳ አንድ ግድግዳ በትሕትና ሲጠይቀኝ የተሰማኝን አክብሮት ከብዙ ተቋም አላገኘሁም። የተጠራቀመው መረጃ ሁሉ ያለ ምንም የባለቤትነት ገደብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተማሪም፣ ተመራማሪም፣ መንግሥትም ራሱ ሳያስፈቅድ ይጠቀምበታል።

ታዲያ ለሐዋሳ ለምን ሁለት ነጥብ ብቻ? ጃፓን ላይ መንገዶቹ እንደ ጥልፍ በቀለም ተሸፍነው የሚታዩበት ካርታ፣ ወደ እኛ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ይመስላል። የአንድ ሰው የሦስት ሳምንት መንገድ ካርታ አይሆንም። የካርታው ዋጋ ያለው ደግሞ ከአደጋ በፊት ነው፤ ትናንት ስንት እንደነበር ያልለካ ሰው ነገ ጨመረ ወይም አልጨመረም ማለት አይችልም። ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ፣ ይህን የመነሻ ልኬት የመያዙ ጉዳይ የፊዚክስ መምህር ቅዠት ብቻ ነው ብዬ አላስብም።

ለሚገዛ ሰው የቀረኝን ልንገር። ኪቱ የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው፤ ለግለሰብ አልመክረውም። ለአንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል ወይም ለዩኒቨርሲቲ ግን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የማስተማሪያ ዕቃ ነው፤ አሠራሩ በሙሉ ይፋ ስለሆነ ቢሰበር ጠጋኙ ንድፉን አይቶ ሊጠግነው ይችላል። ቦታ ጠቋሚው ከቤት ውስጥ ሲነሣ ሳተላይት ለማግኘት ደቂቃዎች ስለሚወስድበት ደጅ አውጥቶ ማስነሣት ይሻላል። ፋይሎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ምሽትም ይጫናሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ደብዳቤ ይያዙ። ሽቦ የሚታይባት፣ የምታበራና ጠቅ ጠቅ የምትል ሣጥን ይዞ በከተማ መዞር የጥበቃ ሠራተኛን ዓይን ይስባል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ከባጃጁ ወርጄ፣ ሣጥኗን ከፍቼ፣ ምን እንደምትቆጥር እስካስረዳ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ የበሩን ብረት ለኩልኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ለካሁለት፤ የተነበበውን ቁጥር ነገርኩት፤ ደኅና ነው ወይ ሲለኝ፣ ይህ የዛሬው ቁጥር መሆኑንና ከሌላ ቀን ጋር ካልተነጻጸረ ብዙ እንደማይናገር ገለጽኩለት። ብዙም አልተደሰተም፤ ቁጥሩን ግን በመዝገቡ ላይ፣ ከእኔ ስምና ከገባሁበት ሰዓት አጠገብ ጻፈው።